የዓርብ ምሳ ሰዓት

ማክሰኞ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን

ይህ ደብተር ባለፈው ወር ከተካፈልኩበት ሥልጠና የተሰጠኝ ነው። ሽፋኑ ጠንካራ፣ ወረቀቱ ወፍራም፣ ቀለም የማያሳልፍ። መሳቢያዬን በከፈትኩ ቁጥር ባዶውን ሳየው ያሳዝነኛል። ስለዚህ የምጽፈው ጉዳይ ባይኖረኝም ልጽፍበት ወስኛለሁ።

ደግነቱ ዛሬ ጉዳይ ተገኘ። የልቼ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ትምህርት ክፍል ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ፤ በሙሉ ድምፅ! ይህን ለባለቤቴ ለይመኙሻል በኩራት ስነግራት፣ «ሌላ የፈለገ ሰው ነበር?» አለችኝ። አልነበረም። እሱ ሌላ ነገር ነው።

የመረጡኝ ለእጅ ጽሑፌ ነው። ዲናችን ቃለ ጉባኤ በኮምፒዩተር ተጽፎ ሲመጣላቸው አይወዱም። ገጹ ቁጥር በተሰጠው ትልቅ መዝገብ ላይ በእጅ መስፈር አለበት፤ ያኔ ማንም ገጽ ቀዶ አይጥልም ይላሉ። የክፍላችን ኃላፊ ዶክተር ሰይፈሥላሴ መዝገቡን ሲያስረክቡኝ «የዘርአ ዳዊትን ጽሑፍ ያየ ሰው ሌላ ማየት አያምረውም» አሉ። ጆሮዬ ጋለ። አንኮበር ያሉት አባቴ መሪጌታ ወልደ ሰንበት በሰባት ዓመቴ ብርዕ ሲያስጨብጡኝ ለዩኒቨርሲቲ ስብሰባ ይሆነዋል ብለው እንዳልነበር ግልጽ ነው። ቢሆንም ልፋታቸው ሜዳ ላይ አልቀረም።

የስብሰባው ሰዓትም ተለውጧል። እስካሁን ሰኞ ጠዋት ነበር። ከአሁን በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ፣ ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ነው። ዓርብ የምሳ ሰዓት ረጅም ስለሆነ ማንም ክፍል የለውም። ዶክተር ሰይፈሥላሴ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ጭንቅላታቸው ይሠራል።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

ዶክተር አፊፋ ኮሪደር ላይ አስቆመችኝ። የአልዩ አምባ ልጅ ናት፤ የቆላ ፍየል ነው የምታጠናው። እኛ ሌሎቻችን በሙሉ የበግ ሰዎች ነን። ባለፈው ዓመት ሁለት ጥናት አሳትማ አሁን ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት አመልክታለች። ዶክተር ሰይፈሥላሴም ለዚሁ ማዕረግ ሁለት ጊዜ አመልክተው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ኮሚቴው ሥራቸው አልገባውም፤ እንደነገሩን ከሆነ።

«ዘርአ ዳዊት፣ ጸሐፊው አንተ ስለሆንክ ልንገርህ ብዬ ነው» አለችኝ። «ዓርብ በዚያ ሰዓት እኮ ጁምዓ ነው። ሰኞ የነበረው ምን ሆነ?»

«እነግርልሻለሁ» አልኳት።

ነገርኩላት። ዶክተር ሰይፈሥላሴ «በጽሑፍ ታምጣ» አሉ። ልክ ናቸው፤ ማንኛውም ነገር በጽሑፍ ሲሆን ጥሩ ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ደብዳቤዋን ሰጠችኝ። ሦስት መስመር ናት። ግን የእጅ ጽሑፉ! ፍየሎቿ ሲያልፉ ረግጠውት የሄዱ ይመስላል። ይህንኑ ለዶክተር ሰይፈሥላሴ ስነግራቸው ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ ቢሮ የሚጋራኝ ገብረአብም ሆዱን ይዞ ሳቀ። እንደዚያ ያሳቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ደብዳቤውን አንብበው «ፋይል አድርገው» አሉኝ። ፋይል አደረግኩት።

ዓርብ፣ የካቲት 14

የመጀመሪያው ስብሰባዬ በሰላም ተጠናቀቀ። የምስር ሳምቡሳ ከሻይ ጋር ቀረበ። የክፍላችን አንጋፋ ጋሽ ዘሥላሴ እንደ ልማዳቸው ከሁለተኛው አጀንዳ ጀምረው አንቀላፉ።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ እጄ ቆም አለ። «ያለ ፈቃድ የቀሩ» በሚለው ሥር የዶክተር አፊፋን ስም እንድጽፍ ኃላፊያችን ሲነግሩኝ፣ «ደብዳቤ ጽፋ የለም እንዴ?» አልኩ።

«ደብዳቤ ጻፈች እንጂ ፈቃድ አልተሰጣትም» አሉ።

ይህም እውነት ነው። ጻፍኩ። እንዲያውም ከገጹ ሁሉ ያቺ መስመር ቀጥ ብላ ወጣች።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ትናንት ዐቢይ ጾም ገባ። ዛሬ ደግሞ የዶክተር አፊፋን ጠረጴዛ ተሸከምኩ።

ቢሮዋ ለአዲስ ኮምፒዩተሮች ስለሚፈለግ ወደ ፀጉር መጋዘኑ እንድትዛወር ተወስኗል፤ የተሸለተ የበግ ፀጉር በጆንያ የሚቆለልበት ክፍል ነው። ኮምፒዩተሮቹ መቼ እንደሚመጡ የሚያውቅ የለም። እኔና ገብረአብ ጠረጴዛውን በአንድ ወገን ዘንበል አድርገን፣ በሩን ሳንጭር አወጣነው። ሙያ ነው።

እሷ ወንበሯን ራሷ ይዛ ከኋላ መጣች። ጆንያዎቹን ዞር ዞር ብላ አይታ፣ «ቢያንስ ብርድ አይገባኝም» አለች። ሳቅን። ምንም አልከፋትም። ቢከፋት ትናገር ነበር።

ዓርብ፣ የካቲት 28

ሁለተኛ ስብሰባ። አጭር። ያለ ፈቃድ የቀሩ፦ አንድ። ጋሽ ዘሥላሴ አንኮራፉ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ደስ የሚል ቀን! ዶክተር ሰይፈሥላሴ ቢሯቸው ጠርተው ለዶክትሬት ትምህርቴ የድጋፍ ደብዳቤ እንደሚጽፉልኝ ነገሩኝ። ያለ እሳቸው ፊርማ የትም አልሄድም፤ ማመልከቻው ደግሞ በሚያዝያ መጨረሻ ይዘጋል። ይህን ዕድል ስጠብቅ አራት ዓመቴ ነው።

«አንተ የሚታመን ሰው ነህ» አሉኝ። ቀጥለው፣ ሦስት ጊዜ ያለ ፈቃድ የቀረ መምህር የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጠው፣ ማስጠንቀቂያ ያለበት ሰው የማዕረግ ማመልከቻ ደግሞ ለሁለት ዓመት እንደሚታገድ የሚያዘውን መመሪያ አሳዩኝ። ለምን እንዳሳዩኝ አልጠየቅኩም። መመሪያ ማወቅ ለጸሐፊ ይጠቅማል።

ማታ ስነግራት ይመኙሻል ስለ ዶክትሬቱ እልል አለች። ስለ መመሪያው ስነግራት እልልታዋን አቆመች። ጾም ስለሆነ ደክሟት ይሆናል።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

እነአፊፋም ጾም ከገቡ ሁለት ሳምንት አለፋቸው። ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ስለገጠሙ ግቢው በሙሉ ከንፈሩ ደርቋል።

መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ገብረአብ አፊፋን አላያትም መሰለኝ፣ «ፍየሏ ዛሬም ጆንያ ላይ ነው የምትውለው?» አለ። እሷ በሩ ላይ ነበረች። ሁሉም ሳቁን ዋጠ። የእኔ ግን ቀድሞ ወጥቶ ነበር።

እየቆየሁ ሳስበው ቀልዱ ያን ያህል አያስቅም። ገብረአብ ቀልድ አይችልም። ያቺን የፍየል ነገር ያመጣሁት እኔ መሆኔ ደግሞ ምንም አያገናኘውም፤ እኔ ያልኩት ስለ እጅ ጽሑፉ ብቻ ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ሦስተኛ ስብሰባ። ሦስተኛ ጊዜ ጻፍኩ። ዶክተር ሰይፈሥላሴ ትከሻዬ ላይ እጃቸውን ጭነው ቆመው አዩኝ። ጽሑፌ ትንሽ ጠመመ፤ ቀለሙ ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ይመኙሻል የሙአለ ሕፃናት መምህርት ናት። ሰው የምትጠይቀው ልጆቿን በምትጠይቅበት ድምፅ ነው፤ መልሱን እያወቀችው።

ልብስ እያጠፍን፣ «የዓርብ ምሳ ለምን እንደሚረዝም ታውቃለህ?» አለችኝ።

«መንግሥት ስለሚያዝንልን።»

«ሰው ጁምዓውን ሰግዶ፣ ምሳውን በልቶ እንዲመለስ ነው።»

ሸሚዙን ይዤ ቆምኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የኖርኩት እዚሁ አገር ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ዓርብ ምሳ ይረዝማል። እንደ ዝናብ እንደ ፀሐይ የተፈጥሮ ነገር ነበር የሚመስለኝ።

«ለጸሎት የተሰጠ ሰዓት ላይ ስብሰባ ጠርታችሁ፣ የምትጸልየዋን ቀረች ብላችሁ ጻፋችሁባት» አለች።

«እኔ ጸሐፊ ብቻ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። ምን ለማለት እንደፈለገች ግን ቀኑን ሙሉ ስፈልግ ዋልኩ። ዱር ለዱር የሚሮጥ ሰው እንኳ እንደኔ አይደክመውም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

ከትናንት በስቲያ ዒድ ነበር። ዛሬ አፊፋ ለክፍሉ ሁሉ አንድ ትልቅ ሳህን ተምር ይዛ መጣች። ማረፊያ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ፣ «ጣፋጭ ልሠራላችሁ ነበር፤ የእናንተ ጾም ገና ስለሆነ ቅቤ እንዳይነካው ብዬ ተምር አመጣሁ» አለች።

ዶክተር ሰይፈሥላሴ አመስግነው ስልክ አነሱ። ገብረአብ ጥርሱን እንደሚያመው ተናገረ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ክፍል አላቸው፤ ወጡ። እሷም ወጣች። ሳህኑ እንደሞላ ቀረ።

እኔ ተመልሼ ገባሁና ሦስት በላሁ። ቆሜ፣ በሩን እያየሁ፤ እንደሰረቀ ሰው። ጣፋጭ ነበር። ስድስት ሆነ መሰለኝ።

የእኛን ጾም ቆጥራ ነው ያመጣችው። እዚህ ላይ መጻፍ ላቁም።

ዓርብ፣ መጋቢት 26

ይህን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

አራተኛው ስብሰባ። አራተኛ ጊዜ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ ዶክተር ሰይፈሥላሴ ቀን መቁጠሪያውን አይተው፣ «የሚቀጥለው ስብሰባችን ሚያዝያ ዐሥር ይውላል። ውይ፣ ስቅለት ነው!» አሉ።

ክፍሉ በሙሉ «ኧረ ስቅለት ነው፣ እንዴት ይሆናል» አለ። እኔም አልኩ፤ ድምፄን ሰምቼዋለሁ።

«እንግዲያው ማክሰኞ ሚያዝያ ሰባት ይሁን፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት።»

«ይሁን» ተባለ። ክፍል ያለው ሰው ነበር፤ ተማሪዎቼን አዛውራለሁ አለ። በጽሑፍ አምጡ ያለ የለም። አንድ ደቂቃ አልፈጀም፤ ሰዓቴን እያየሁ ነበር። ዓርብን ማንሳት ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ወር ተኩል ሙሉ ምን ስናደርግ ነበር?

«የማክሰኞው ሁለተኛ አጀንዳ የዶክተር አፊፋ ከስብሰባ መቅረት ይሆናል» አሉ ኃላፊያችን። «የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ ረቂቅ ዘርአ ዳዊት ያዘጋጃል፤ የአንተም የድጋፍ ደብዳቤ እዚያው ዕለት ትፈረማለች።» ይህን ያሉት ፈገግ ብለው ነው። ሰዎች አጨበጨቡልኝ። አመሰገንኩ፤ ምን ልበል?

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

ረቂቁን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አበላሸሁ። እኔ፣ ወረቀት አበላሽቼ የማላውቀው! ፋይሉን ከፍቼ የአፊፋን ደብዳቤ እንደገና አነበብኩት። የካቲት 13 ይላል። ያ ጽሑፍ ትንሽ ከታገሉት ይነበባል።

አባቴን ለማየት ሆሳዕናን አንኮበር እሄዳለሁ። መንገዱ ሰላም ነው ተብሏል።

እሑድ፣ ሚያዝያ 5፣ አንኮበር

ትናንት ስገባ ጉሙ ቤቱን ዋጥ አድርጎት ነበር። አባቴ ዓይናቸው ደክሟል፤ ምላሳቸው ግን እንዳለ ነው። «ዩኒቨርሲቲ ምግብ አይሰጡም እንዴ?» ብለው ተቀበሉኝ።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የዘንባባ ቀለበት ጣቴ ላይ እያሰሩልኝ፣ እንደዋዛ ጨዋታውን አመጣሁት።

«አንድ ጓደኛ አለኝ» አልኩ። «ጸሐፊ ነው። ያልሆነ ነገር እንዲጽፍ ነገሩት፤ ጻፈ። ሙሉ ውሸት ግን አይደለም፤ የሆነውን ግማሽ ነው የጻፈው። አሁን በዚያ ግማሽ ሰው ሊጎዳ ነው።»

«ጓደኛህ ጽሑፉ ያምራል?» አሉ።

«ያምራል።»

«ካንተ ይበልጣል?»

«ኧረ የለም!» አልኩ ሳላስበው።

አባቴ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። ከዚያ ተነሥተው በጎልማሳነታቸው የጻፉትን የብራና መጽሐፍ አወረዱና መሐል ላይ ከፈቱት። አምዱ መሐል ትንሽ ምልክት አለች፤ ከዚያ በኅዳጉ፣ በገጹ ዳር ባለው ባዶ ቦታ ላይ፣ በደቃቅ ጽሑፍ፣ አንድ ሙሉ መስመር።

«ይህቺን መስመር የዘለልኩ ዕለት ቅጠሉን አውጥቼ ልጥለው ነበር» አሉ። «መምህሬ ከለከሉኝ። የዘለልከውን ኅዳጉ ላይ ጻፍ፤ የሚያነበው ሰው መዝለልህንም መመለስህንም ይይ አሉኝ። ይኸው አርባ ዓመት፣ መጽሐፉን የሚያነብ ሁሉ እዚህ ገጽ ሲደርስ ቀና ብሎ ያየኛል።»

«አያሳፍርም?»

«ያሳፍራል እንጂ!» አሉ፤ ደስ እያላቸው።

ቁርጥራጭ ዘንባባ ከጭናቸው ላይ አራገፉና፣ «ጓደኛህን ሰላም በለው» አሉኝ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

መዝገቡን አውጥቼ አራቱን ገጾች ከፈትኩ። ደጋግሜ እጄን ታጠብኩ። ከዚያ ጻፍኩ። በደቃቅ ጽሑፍ ከአባቴ አላንስም።

ረቂቁን አላዘጋጀሁም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

ሆነ!

ሰሙነ ሕማማት ስለሆነ መጨባበጥ የለም፤ ለእኔ ተመቸኝ፤ እጄ በላብ ርሶ ነበር። አፊፋ አራት ሰዓት ሳይሞላ መጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሰው ሁሉ እንደ እንግዳ አያት። በሁለት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ስብሰባ ላይ ያየናት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነዋ መምጣት የምትችልበት ሰዓት የጠራነው።

ሁለተኛው አጀንዳ ላይ ዶክተር ሰይፈሥላሴ፣ «ጸሐፊው የቀረችባቸውን ቀኖች ከመዝገቡ ያንብብልን» አሉ።

ተነሣሁ። «የካቲት 14። ያለ ፈቃድ የቀሩ፦ ዶክተር አፊፋ ዓብዱራህማን» ብዬ አነበብኩ። «ኅዳግ ላይ የተጻፈ፦ ዶክተር አፊፋ ስብሰባው ከጁምዓ ጋር ስለተጋጨባት መገኘት እንደማትችል የካቲት 13 ቀን በጽሑፍ አስታውቃለች። ደብዳቤው በጸሐፊው ፋይል ውስጥ አለ። ይህን መዝለሌ የእኔ ስህተት ነው። ዘርአ ዳዊት ወልደ ሰንበት።»

ከዚያ ገጽ ገለጥኩና የካቲት 28ን አነበብኩ። ያው ቃል። መጋቢት 12ን አነበብኩ። ያው። አራተኛውን ስጀምር ዶክተር ሰይፈሥላሴ ጠረጴዛውን መቱ።

«መዝገብ ላይ እንድትጨምር ማን ፈቀደልህ?»

«ዶክተር፣ ስህተቱን ስጽፍም ማን ፈቀደልህ ያለኝ የለም» አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። በቀለበቴ እየተጫወትኩ ስለነበር ዘንባባው ተበጠሰ።

ገብረአብ ጫማውን ያይ ነበር። ጋሽ ዘሥላሴ ነቅተው ኖሯል፤ «የእኔ ጥያቄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለስቅለት ያዛወርነውን ስብሰባ ለጁምዓ ማዛወር ምን አቃተን?»

አጀንዳው «ለጊዜው ይቆይ» ተባለ። ይህንንም ጻፍኩት፤ የመጨረሻዬ ነው። መዝገቡን ለገብረአብ እንዳስረክብ እዚያው ተወሰነ። የድጋፍ ደብዳቤዬን ማንም አላነሳትም፤ እኔም አላነሳኋት።

ለይመኙሻል ሁሉንም ነገርኳት። ዶክትሬቱ ላይ ስደርስ ዕንባዬ መጣ፤ አልደብቅም፤ አራት ዓመት ነው። እጄን ይዛ ቆየችና፣ «አራቱንም አነበብክ?» አለች።

«ሦስት ተኩል።»

«እሱም ጥሩ ነው» አለች፤ ሁለታችንም ሳቃችን አመለጠን፤ በሕማማት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

የአፊፋ ማመልከቻ ዛሬ ወደ ዲኑ ቢሮ አለፈ። ማስጠንቀቂያ የለም። ይስጧት ወይም ይከልክሏት፣ ቢያንስ ኮሚቴ ያየዋል።

ፀጉር መጋዘን ሄድኩ። ጆንያ ላይ ወረቀት ዘርግታ እያረመች ነበር። ታመሰግነኛለች ብዬ እንደሄድኩ እዚህ ላይ ባልናዘዝ የት ልናዘዝ?

«አራቱንም አንብቤያቸው ነበር» አለችኝ። «ቅጂው ደርሶኛል። ያናደደኝ ምን እንደሆነ ልንገርህ? ማማሩ። ተጣድፎ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ሳያስበው ነው እል ነበር። አንተ ግን አንድም ፊደል አላበላሸህም።»

እውነቷን ነው። ከገጹ ሁሉ ያቺ መስመር ናት ቀጥ ያለችው።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «ለፍየሉም ነገር። እሱንም የጀመርኩት እኔ ነኝ።»

«እሱንም አውቃለሁ» አለች። ብዕሯን ጆሮዋ ላይ ሰካች። «መጀመሪያ ጠረጴዛዬን መልስልኝ። ያወጣኸው አንተ አይደለህ?»

ኮምፒዩተሮቹ አሁንም አልመጡም። ገብረአብን ጎትቼ አመጣሁትና ጠረጴዛውን ተሸከምን። በዚህኛው ጉዞ በሩን ክፉኛ ጫርነው።

እሑድ፣ ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

በልቼ መቀመጥ አቅቶኛል። አፊፋ ደውላ እንኳን አደረሳችሁ አለች። ከይመኙሻል ጋር ሃያ ደቂቃ አወሩ፤ ስለ እኔ መሆኑን ከሳቃቸው አወቅኩ። ደስ ብሎኛል።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 17

አዲስ የስብሰባ ሰዓት ወጣ፦ ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ረቡዕ አራት ሰዓት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቼን አስተምራለሁ። ከክፍሉ መምህራን በዚያ ሰዓት ትምህርት ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ዶክተር ሰይፈሥላሴ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ጭንቅላታቸው ይሠራል።

በቃል ነገርኳቸው። «በጽሑፍ አምጣ» አሉኝ። አመጣሁ። እጅግ ያማረ ደብዳቤ ነበር። ፋይል ተደረገ።

ማመልከቻው ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ለከርሞም ይከፈታል።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

ይህን የምጽፈው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ቢሮው ጭር ብሏል። ገብረአብ መዝገቡን በብብቱ ይዞ፣ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። የረቡዕ ቃለ ጉባኤው ከዲኑ ቢሮ ተመልሶበታል፤ ማንበብ አልቻሉም።

«እባክህ ዘርአ፣ ባዶው ገጽ ላይ ገልብጥልኝ» አለኝ።

ከፈትኩት። ዲኑ እውነታቸውን ነው። ግን እንደምንም ፈልጌ «ያለ ፈቃድ የቀሩ» የሚለውን አገኘሁት፤ ከሥሩ የእኔ ስም። አዲስ ነገር አይደለም፤ እንደሚመጣ አውቄ ነበር። ያም ሆኖ ስሜን እዚያ ቦታ ሳየው ደግሜ አነበብኩት። አራት ጊዜ እንዲህ አድርጌያታለሁ።

ከስሜ አጠገብ ትንሽ ምልክት አለች። ኅዳጉ ላይ፣ ፍየሎች የረገጡት በሚመስል ጽሑፍ፣ ወደ ላይ እየወጣ ወደ ታች እየወረደ፣ እንዲህ ይላል፦ «ክፍል እያስተማረ ነው። ደብዳቤ ጽፏል። አፊፋ።»

«ማን ፈቀደላት?» አልኩት ገብረአብን።

«ማንም። ስብሰባው መሐል ተነሥታ መዝገቡን ከእጄ ወሰደችና ጻፈች። ጋሽ ዘሥላሴ ብዕር አቀበሏት።» ጭንቅላቱን አከከ። «ትገለብጥልኛለህ?»

ቆይቼ አየሁት። ቀለሙ ሁለት ቦታ ፈሷል፤ የስሜ አጠገብ ምልክቷ ጠማማ ናት።

«ሌላውን እገለብጥልሃለሁ» አልኩት። «ይህን ገጽ ግን አልነካውም፤ አምሯል።»